«3» ከ«40» በልጦ ሲጮህ

ባሕር ዳር፣ ገበያው አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ቤት አንድ የሸክላ ማጫወቻ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ጊዜ ወጣ። ባለቤቱ የቡና ቤት ሰው ነው። ከአባቱ የወረሳቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ አብዛኞቹ የአምሃ ሪከርድስ ዘመን ሥራዎች፣ ማታ ማታ ለደንበኞቹ ሊያሰማ አስቧል። ማጫወቻውን የላከለት ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ነው፤ ዘመድየው ታዲያ «ካልቀረ ጥሩውን» ብሎ ዴኖን ዲኤል-103 ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘውን ራስ) አስገጥሞበት ነው የላከው። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ደግነት ነው።

የተለመዱት ማጫወቻዎች አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክተው ያለ ችግር የሚጮሁት፣ ካርትሪጃቸው ኤምኤም (ሙቪንግ ማግኔት) ስለሆነ ነው። መርፌው ማግኔት ያንቀሳቅሳል፣ ኮይሉ (የሽቦ ጥምጥሙ) ባለበት ይቀመጣል፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይወጣል። ዲኤል-103 ኤምሲ (ሙቪንግ ኮይል) ነው። ይህ ለጃፓኑ ኤንኤችኬ የሬዲዮ ሥርጭት ተብሎ በፈረንጆች 1960ዎቹ የተሠራ ካርትሪጅ ሲሆን፣ መርፌው የሚያንቀሳቅሰው ኮይሉን ራሱን ነው። ኮይሉ መቅለል ስላለበት ብዙ ሽቦ አይጠመጠምበትም፤ ስለዚህ የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የተለመደ የፎኖ መግቢያ ደግሞ 2.5 ሚሊቮልት ገደማ ይጠብቃል። ባለ ቡና ቤቱ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ቢያዞረውም ከዘፋኙ ይልቅ የአምፕሊፋየሩ ሽውታ የሚሰማው ለዚህ ነበር።

የጥገና ቤቱ ዋና ባለሙያ ካርትሪጁን ገልብጦ አየና «ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል» አለ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስህተት ተሠራ። ጎጃም ውስጥ ስቴፕ አፕ ሲባል ሰው የሚያውቀው ከ110 ወደ 220 የሚያነሳውን ከባድ የብረት ሳጥን ነው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን 1000 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ሳቁም ቁጭቱም አለፈ። ለካርትሪጅ የሚሆነው ትራንስፎርመር ኮረንቲ የሚባል ነገር አይነካውም፣ ሶኬትም የለው፤ በማጫወቻውና በፎኖው መካከል ገብቶ፣ ከማይክሮፎን ድምፅ ያነሰችን ሲግናል የሚያሳድግ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ስታዝዙ «ለኤምሲ ካርትሪጅ» የሚለውን ቃል አትርሱ።

ትክክለኛው ዕቃ በሰው በኩል መጣ፤ ያገለገለ የጃፓን ሥራ፣ ፊቱ ላይ ሦስት ቦታ ያለው ማዞሪያ፦ 3፣ 40 እና ማለፊያ። መመሪያ ወረቀት የለውም። ዕቃውን የተቀበለው ተለማማጁ ልጅ ነበር፣ ዋናው ባለሙያ ለሥራ ቡሬ ወርዷል። ልጁ 40 ማለት በ40 ያበዛል፣ 3 ማለት በ3 ያበዛል ብሎ አሰበ። ማን አልሆነም ይለዋል? 40 ላይ አድርጎ አጫወተ፤ ጥሩ ድምፅ ወጣ። ባለ ቡና ቤቱ ግን «ትንሽ ከፍ ቢል» አለ። ልጁ እስቲ ልይ ብሎ ወደ 3 ቢያዞረው ድምፁ ከፍ አለ! ሁለቱም ተያዩ። «ይኸ ማዞሪያ ተገልብጦ ነው የተበየደው» ተባለና 3 ላይ እንዳለ ወደ ቤት ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው ማጫወቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ መጮህስ ይጮሃል። ከበሮው ግን የለም። ቤዝ ጊታሩን ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የምፈልገው። ዘፋኙም አፉን በነጠላ የሸፈነ ይመስላል።»

ባለሙያው ማዞሪያውን አየና ልጁን ጠራው። «ቁጥሩ የምንድን ነው?»

«የማባዣው ነዋ።»

«አይደለም። የካርትሪጁ ኦም ነው።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦም ኮይሉ ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ 3 የሚለው ኮይላቸው 3 ኦም አካባቢ ለሆኑ ካርትሪጆች፣ 40 የሚለው 40 ኦም ለሆኑ ማለት ነው። ኦሙ ያነሰ ካርትሪጅ የሽቦው ዙር አነስተኛ ነው፤ ዙሩ ሲያንስ ቮልቱም ያንሳል፤ ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ላይ ማባዣው ይበልጣል። በዚህ ዕቃ ላይ 40ው ቦታ 1 ለ10 ነው፣ 3ቱ ቦታ 1 ለ36። ዲኤል-103 ደግሞ 40 ኦም ነው።

ታዲያ ካበዛ ምን ይጎዳል? ትራንስፎርመር በነጻ የሚሰጠው ነገር የለም። ቮልቱን በ10 ሲያበዛ፣ ከወዲያ ያለው የፎኖው 47 ኪሎ ኦም ለካርትሪጁ የሚታየው በ10 ጊዜ 10፣ ማለትም በ100 ተካፍሎ ነው፤ 470 ኦም። በ36 ሲያበዛ በ1296 ይካፈላል፤ 36 ኦም ብቻ ይቀራል። የ40 ኦም ኮይል 36 ኦም ሸክም ሲጫንበት፣ ካመነጨው ከግማሽ በላዩ እዚያው ኮይሉ ውስጥ ይቀራል። ባለሙያው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ አሰላው። በ1 ለ10፦ 0.3 ጊዜ 10፣ 3 ሚሊቮልት፤ በ470 ለ510 ሲባዛ 2.76። በ1 ለ36፦ 10.8 ሚሊቮልት መሆን ነበረበት፤ በ36 ለ76 ሲባዛ ግን 5.1 ይቀራል። ማባዣው ሦስት እጥፍ ተኩል አደገ፣ ድምፁ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ለዚያች ትርፍ ነው ከበሮው የተከፈለው።

ከበሮው የት ሄደ? የትራንስፎርመሩ ፕራይመሪ (የመግቢያው ጥምጥም) ወፍራም ድምፅን የሚያሳልፈው በራሱ ኢንዳክታንስ (የሚለዋወጥ ኮረንቲን የመግታት አቅም) ልክ ነው። ለ3 ኦም ተብሎ የተጠመጠመ ፕራይመሪ ዙሩ ጥቂት፣ ኢንዳክታንሱም ዝቅተኛ ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊሄንሪ ነው እንበል። 3 ኦም ካርትሪጅ ሲሰካበት ድምፁ መውረድ የሚጀምረው 9 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ማንም አይሰማውም። 40 ኦም ሲሰካበት ግን ያው ነጥብ ወደ 60 ኸርዝ ይወጣል፤ ይህ የቤዝ ጊታርና የትልቁ ከበሮ ሰፈር ነው። የታፈነው የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ከሸክሙ ክብደት የመጣ ነው። ጮኸ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፤ ጆሮ ግን መጀመሪያ የሚሸነፈው በጩኸት ስለሆነ ልጁን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ሌላ ካርትሪጅ ያለው ሰው ሒሳቡን እንዲህ ይሥራ፦ የካርትሪጁን ኦም በ10 አባዛው፣ 47000ን በዚያ አካፍል፣ ሥሩን አውጣ። የሚመጣው ቁጥር ባይታለፍ የሚመረጠው የማባዣ ጣሪያ ነው። ለ40 ኦም 10.8 ይመጣል፤ 1 ለ10 ትክክል ነው። ድምፅ ካነሰው እስከ 1 ለ20 መሄድ ይቻላል፤ 117 ኦም ሸክም፣ 4.5 ሚሊቮልት። የዲኤል-103 ታናሽ ወንድም የሆነው 103አር 14 ኦምና 0.25 ሚሊቮልት ስለሆነ ሒሳቡ 18 ገደማ ይሰጣል፤ 1 ለ20 በጥቂቱ ቢያልፈውም ይስማማዋል። ሻጭ «ይኸኛው በ40 ያበዛል፣ ይበልጣል» ሲላችሁ በመጀመሪያ ጠይቁ፣ ለስንት ኦም?

መመሪያ የሌለው ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ማባዣውን ለክቶ ማወቅ ይቻላል። በቴስተር ኦም ግን አይለካ፤ ቴስተሩ ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚልክ የትራንስፎርመሩን ብረት ማግኔት ሊያደርገው ይችላል፣ ካርትሪጁ ከተሰካ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነው ኮይል ሊጎዳ ይችላል። ቤቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከስልክ ላይ የ400 ኸርዝ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ይወጣል፤ 1 ኪሎ ኦምና 10 ኦም ሬዚስተር ተያይዘው ያንን በ100 ገደማ ያሳንሱታል፤ ከ10 ኦሙ ጫፎች ወደ ፕራይመሪው ይገባል። ስልኩ 500 ሚሊቮልት ከሰጠ ፕራይመሪው ላይ 5 ሚሊቮልት አለ። ሴኮንደሪው (የመውጫው ጥምጥም) ላይ በቴስተር ኤሲ ሚሊቮልት ሲለካ 50 ከመጣ 1 ለ10፣ 180 ገደማ ከመጣ 1 ለ36 ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆኑ ዕቃው ይመለስ።

ማዞሪያው 40 ላይ ከተመለሰ በኋላ ከበሮው መጣ፣ ከበሮው ሲመጣ ደግሞ ቀደም ሲል ያልተሰማ ጉምጉምታ አብሮ መጣ።  የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ነው፤ ትራንስፎርመሩ በአምፕሊፋየሩ ራስ ላይ ተቀምጦ የአምፕሊፋየሩን የኮረንቲ ትራንስፎርመር መስክ ይለቅማል። በእጅ ተይዞ ሲዞር ጉምጉምታው ከፍና ዝቅ ካለ ምንጩ ይኸው ነው። 60 ሳንቲሜትር ራቅ ተደረገና ድምፁ ዝም እስኪል በአግድም ዞረ። የቀረችው ቀጭን እምምታ የኧርዝ ሽቦ ነበረች፦ ከማጫወቻው ክንድ የሚወጣው ሽቦ ከትራንስፎርመሩ ኧርዝ ጋር፣ ከዚያ በአንድ ሽቦ ብቻ ወደ አምፕሊፋየሩ። ሁለት መንገድ ከተሰጠው ዙር ይሠራና ይጮሃል።

ከትራንስፎርመሩ ወደ ፎኖው የሚሄደውም ገመድ ከ50 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ። የገመዱ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የማጠራቀም ጠባይ) ወደ ካርትሪጁ ሲሻገር በ1 ለ10 መቶ እጥፍ ስለሚሆን፣ የሦስት ሜትር ገመድ ቀጭኑን ድምፅ ሊያበላሸው ይችላል። የመርፌው ክብደት 2.5 ግራም ላይ ነበር፣ አልተነካም።

ልጁ 3 የሚለው ቁጥር ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈና በእስክሪብቶ «አይዞርም» ብሎ ጻፈበት። ባለ ቡና ቤቱ አየው።

«ታዲያ ጋሼ፣ የማይዞር ከሆነ ለምን ሠሩት?»

«3 ኦም ካርትሪጅ ላለው ነዋ። 47000ን ለ30 አካፍለህ ሥሩን ብታወጣ ወደ 40 ይጠጋል፤ በ36 ማብዛቱ ለዚያ ሰው ልኩ ነው። አንተም እንደዚያ ያለውን የገዛህ ቀን ፕላስተሩን 40 ላይ አዛውረው።»