ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መሃል ሲገባ አረማመዱን ተመልከቱ

መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ ወደሚባሉት ሣር በል ዝንጀሮዎች መንጋ ሲጠጋ አዲስ ተመልካች የሚጠብቀው ጩኸትና ትርምስ ነው። አንዱም አይመጣም። ጭላዳዎቹ እንደተቀመጡ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ ልጆቻቸው ቀበሮው አጠገብ ይላፋሉ፤ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ በመካከላቸው ያልፋል። ውሻ ብቅ ቢል ግን ያው መንጋ ባንዴ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ስለዚህ ጭላዳ ሥጋ በል ሁሉ አንድ ነው አይልም፤ ለይቶ ያውቃል።

የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ትዝ ይል ይሆናል። ይኸኛው ግን ምንም አልለበሰም፤ የሚፈልገውም አይጥ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ ከጭላዳ መሃል ሲያድን ግን 67 ያህሉ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይቀርባል። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይጦቹን ከመደበቂያቸው ይቀሰቅሳሉ፤ ወይም ደግሞ አይጧ ምንም የማያደርጓትን ብዙ ጭላዳዎች ስለለመደች በመካከላቸው የሚመጣውን ቀበሮ አትለየውም። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ይህን «ወዳጅነት» ብሎ መጻፍ ለርዕስ ያምራል እንጂ ትክክል አይደለም፤ ጭላዳው ከቀበሮው ያገኘው ጥቅም እስካሁን አልታየም።

ዋናው ነገር ያለው እግሩ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ቆም ይላል፣ ጆሮውን ወደፊት ያቀናል፣ ደረቱን ለመሬት አስጠግቶ ያደባል፣ ከዚያ ይዘላል። አንዳንዴም አይጥ በበዛበት ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይሮጣል። ከመንጋው ሲገባ ይህን ሩጫ ይተወዋል፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ድንገተኛ እንቅስቃሴ አያሳይም። አለዚያ ከጭላዳዎቹ ጋር ያለው መቻቻል ይፈርሳል። አንድ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ነክሶ ሲይዝ ትልልቆቹ ተረባርበው አስጥለውታል፤ ከዚያም ተመልሶ እንዳይገባ ከልክለውታል። የአይጡን ማዕድ ላለማጣት በቅርብ ያለውን ትልቅ ሥጋ መተው፣ በሥጋ በል እንስሳ ዘንድ ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

ይህን ለማየት የሚሄድ ሰው የተሳካውን ብቻ መዝግቦ ይመለሳል፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀበሮው አይጥ ይዞ ሲውጥ ዓይን ይስባል፤ ዘሎ ሲስት ግን ማንም አይጽፈውም፤ መጨረሻ ላይ «ሁልጊዜ ይሳካለታል» የሚል ወሬ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቀበሮ ምረጡና እሱን ብቻ ተከተሉ። በየ5 ደቂቃው ቅርብ ያለው ጭላዳ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ገምቱና ጻፉ። እያንዳንዱን ዝላይ፣ የሳተውንም የያዘውንም ቁጠሩ። ብቻውን ሲያድንም ያንኑ ያህል ጊዜ ካልተከታተላችሁ የምታነጻጽሩበት የለም። ባይናኩላር 8 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፤ 12 የሚያጎላው በነፋስ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይጧን አያሳይም።

ባሌ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቀበሮው ትልቁ ሲሳይም አንድ ኪሎ ሊጠጋ የሚችለው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ያጭድና ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት የተጠጉ ስለሆኑ ብዙ ሳይወጣ ያያል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ካያችሁ ዓይናችሁን ከሷ አትንቀሉ። ፍልፈሉ በቆፈረው አፈር ላይ ነፍሳት ትለቅማለች፤ ቀበሮ ሲመጣ ድምፅ ስታሰማ ፍልፈሉ ይሰወራል። ቀበሮው ሲቀናው የሚያደርገው አፉን ከጉድጓዱ አቅንቶ እንደ ድንጋይ መቆም ነው። ትዕግሥት የሌለው ተመልካች «ተኝቷል» ብሎ ይሄዳል፤ አደኑ የሚያመልጠውም ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ነው። የባሌ ቀይ ቀበሮዎች አበባ ይልሳሉ። አበባው ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ አሽንዳ የሚባለው ነው። ቀበሮው ወለላ ያለባቸውን የበሰሉትን ታችኛዎቹን አበቦች ይልሳል፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 ዘለላ ጎብኝቷል። አፍንጫው በቢጫ ብናኝ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ እያደረሰ ርክበ ብናኝ ያካሂድ ይሆናል የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። የእረኛ ልጆች ግን ይህን አበባ ሲልሱ የኖሩ ናቸው፤ ጣፋጭነቱን ለሳይንስ ያሳወቁትም እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ስትመለከቱ ማሽተትን ከመላስ ለዩ፤ ምላሱ ካልታየና አፍንጫው ላይ ብናኝ ከሌለ «ላሰ» ብላችሁ አትጻፉ።

መለያው ላይም ሰው ይሳሳታል። ቀይ ቀበሮ ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ፣ ነጭ ጉሮሮና ደረት አለው፤ ጅራቱ ሥሩ ላይ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዝምድናው ለተኩላ ይቀርባል።

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በባሌ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ምግብ አትጣሉላቸው፤ መንገድ ዳር መኪና የሚጠብቅ ቀበሮ መኪና ይገጨዋል። የሞተ ካገኛችሁ እጃችሁን አታሳርፉበት፤ ቦታውን በስልካችሁ መዝግባችሁ በዚያው ቀን ለጥበቃ ሠራተኞች ንገሩ፤ ሬሳው ቶሎ ካልተገኘ የገደለው ምን እንደሆነ ለመመርመር ያስቸግራል።