ገጽ ከመጨመር በፊት ያለውን ማየት

ዛሬ የዋልነው የድረ ገጻችንን የቆዩ ጽሑፎች ከጎግል ሰርች ኮንሶል (ገጾቻችን በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታዩ ከሚያሳየው የጎግል መሣሪያ) ጋር ስናስተያይ ነው። አዲስ ከመጻፍ በፊት ይሄ ስራ ይቅደም።

የፐርፎርማንስ ሪፖርቱን ክፈቱና ጊዜውን ወደ 16 ወር ዘርጉት፤ ከዚያ በላይ አያሳይም። ገጻችሁ በፍለጋ ውጤት ዝርዝር ላይ በአማካይ ከ8ኛ እስከ 20ኛ ደረጃ የሚወጣባቸውን ፍለጋዎች ለዩ። ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ሰው የሚከፍታቸው እነዚህ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ርዕሱ ነው፦ ሰው «የቤት ኪራይ ውል» ብሎ ይፈልጋል፣ ገጹ «ማወቅ ያለብዎት ነገሮች» ይላል። ሁለት ገጾች በአንድ ፍለጋ ከተሻሙ ደካማውን ከጠንካራው ጋር አዋህዱና የደካማውን አድራሻ በ301 (የድሮ አድራሻን ወደ ሌላ በቋሚነት በሚያሻግረው ትእዛዝ) ወደ ጠንካራው አዙሩት። ዝም ብሎ ማጥፋት ከሌሎች ድረ ገጾች የተገኙትን ሊንኮች ያባክናል።

ሊንክ የሚያመጣው ግን የራስ ጥናት ነው፤ በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። ትልቅ መሆን የለበትም። የአዲስ አበባ የኪራይ ማስታወቂያዎችን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ሰብስቡ፦ ሰፈር፣ የመኝታ ክፍል ብዛት፣ የተጠየቀው ብር፣ ማስታወቂያው የወጣበት ቀን። ድግግሞሹን አጥሩ፤ አንዱን ቤት የተለያዩ ደላሎች ይለጥፉታል። ከአማካይ ይልቅ ሚዲያንን (ዋጋዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘውን) ተጠቀሙ፤ አንድ የቦሌ ቪላ አማካዩን ሽቅብ ይጎትተዋል። ቁጥሩ የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ ዋጋ አለመሆኑን ከሰንጠረዡ በላይ ጻፉ፤ ይህን መደበቅ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሰንጠረዡ ምስል አይሁን። ጋዜጠኛ ቁጥሩን ቀድቶ ምንጩን እንዲጠቅስ በጽሑፍ ይቀመጥ። የገጹ አድራሻ ላይ ዓመት አታስገቡ፤ በየወሩ እዚያው ላይ አድሱት።