ባለ 360 የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ልገዛ ስል የቀረልኝ ወጪ

ሥራዬ ገና ያልተሠራን ቤት በሥዕል ማሳየት ነው። አርክቴክቶች ፕላን ይልኩልኛል፣ እኔ ብርሃኑንና ጥላውን አስገብቼ እመልስላቸዋለሁ። የምጠቀምበት ኮሮና የተባለው የሬንደር (ሥዕሉን አስልቶ የሚያወጣ) ፕሮግራም ለስሌቱ ግራፊክስ ካርዱን አይጠቀምም፤ ሸክሙን ሁሉ የሚጥለው የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ሥራ ሲበዛ ፕሮሰሰሬ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ያድራል። እሱ ሲሞቅ እንጀራዬ ነው የሚነካው።

ማሽኔ 12 ኮር ያለው ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው። የሚያቀዘቅዘው ባለ ሁለት ፋን፣ ባለ 240 ሚሊሜትር ራዲያተር የውሃ ማቀዝቀዣ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፓምፕ የሞቀውን ውሃ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገፋል፣ ፋኖቹ እዚያ ያቀዘቅዙታል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነገር ተበላሸ። ሬንደር ከጀመርኩ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ 90 ዲግሪ ይገባል። 90 ለዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ40 ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥዕል 46 ደቂቃ ይፈጅ ጀመር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ራዲያተሩ ተለቅ ያለ፣ ባለ 360 ሚሊሜትር ማቀዝቀዣ መግዛት ነበር። ዋጋ ጠየቅኩ፤ ያስደነግጣል። ያስቆመኝ ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያው ፕሮሰሰርና ያው ማቀዝቀዣ እሱም ጋ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ገዝቶ የእኔን የላከልኝ እሱ ነበር። «ቆይ እስኪ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት እኩል እንለካ» አለኝ።

እንዲህ ለካን። ሁለታችንም ፕሮሰሰርን በሙሉ አቅሙ የሚፈትነውን ሲኒቤንች የተባለ ፕሮግራም 30 ደቂቃ አስሮጥን፣ ከዚያ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የክፍላችንን ሙቀት ቀነስን። 30 ደቂቃ የሆነው ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቁጥር ያታልላል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። የእሱ 71 ላይ ቆመ፣ ክፍሉ 21 ነበር፤ ልዩነቱ 50 ነው። የእኔ 90 ላይ ተጣበቀ፣ ክፍሌ 22 ነው። ልዩነቱ 68፣ ያውም ፍጥነቱን እየቀነሰ።

ኬዙን ከፈትኩ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ እንደ ጋያ ጉርርር የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፣ ግን ትኩረት አልሰጠሁትም። ምክንያቱ ራዲያተሩ የታሰረበት ቦታ ነው። ማሽኑን የገጣጠመልኝ ሰው ከፊት ለፊት ዝቅ አድርጎ ስላሰረው፣ የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በታች ሆኗል። በእነዚህ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ሁልጊዜም ጥቂት አየር አለ፤ ዓመታት ሲያልፉ ውሃው በቱቦው ጎማ በኩል ትንሽ ትንሽ ስለሚተን አየሩ ይጨምራል። አየር ደግሞ ከፍ ያለውን ቦታ ነው የሚፈልገው። የእኔ ላይ ከፍ ያለው ፓምፑ ነበር። ራዲያተሩን ወደ ኬዙ ጣሪያ አወጣሁት። ጉርርታው በሁለተኛው ቀን ጠፋ።

በዚያው የፓምፑን ገመድ ተከተልኩ። የተሰካው የፋን መሰኪያ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ድምፅ ለመቀነስ ብሎ እንደ ፋን ያዘገየው ነበር። ወደ ፓምፕ መሰኪያው አዛውሬ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል እንዲሠራ አደረግኩት። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። ሙቀቱ 90 ላይ ተጣብቆ ሳለ ብታሻሽሉም ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል፤ ያኔ መታየት ያለበት የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። እኔ ራዲያተሩን ያዛወርኩ ቀን ዲግሪው ያው 90 ነበር፣ ፍጥነቱ ግን ከፍ ብሎ ነበር። ፓምፑ ሲስተካከል ነው 86 የወረደው።

ከጥገናው ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው አቧራውን ማጽዳት ነው። ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲቆፈር የከረመ ነው። ከውጭ ሲታይ ራዲያተሩ ንጹህ ይመስላል። ፋኖቹን ስፈታ ግን በፋኑና በራዲያተሩ መካከል፣ በስሶቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ላይ፣ አቧራው እንደ ጋቢ ተደርቧል። ፋኖቹን ሳይፈቱ ይህን ማየት አይቻልም። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የሚቀናቸው አሉ፤ አልመክርም። ግፊቱ ቅጠሎቹን ያጣምማል፣ ኮምፕረሰሩም ብዙ ጊዜ ከአየሩ ጋር ውሃ ይተፋል። እኔ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው የተጠቀምኩት። ፋኑን ስታጸዱም ክንፉን በጣት ያዙት፣ በንፋስ አይሽከርከር። ከዚህ በኋላ 80 ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ፔስት፣ ማለትም ሙቀት እንዲተላለፍ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት። የድሮው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከአንድ ሱቅ ስም የሌለው ነጭ ፔስት ገዝቼ ቀባሁ፤ ሙቀቱ ወደ 84 ተመለሰ። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎኝ ነበር። አንድ አይደለም። በአልኮል ጠርጌ የታወቀ ፔስት ቀባሁና ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቅኩ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ማቀዝቀዣውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። 77 ሆነ።

77 ሲቀነስ 22፣ 55 ነው። የወንድሜ 50። የቀረችው አምስት ዲግሪ ቀናት አስጨነቀችኝ። ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ ዕቃው አንድ ነው። በመጨረሻ የገባኝ አንድ ምሽት የሥራ ቦታዬ መስኮት ላይ ቆሜ እንጦጦን ሳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወንድሜ ያለበት ቨርጂኒያ ግን ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል። እዚህ የአየሩ ጥግግት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ውሃው ምንም ያህል ቢሠራ ሙቀቱን የሚረከበው አየር ነው። አምስቱም ዲግሪ የከፍታው ነው አልልም፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ እኩል አይሞቁም። ግን በበይነመረብ የምናየው የማቀዝቀዣ ግምገማ ሁሉ ማለት ይቻላል ቆላ ላይ የተለካ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ያንን ቁጥር ሲያነብ ጥቂት ዲግሪ መጨመር አለበት።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ፋኖቹን ከፍ ባለ ፍጥነት እንዲሠሩ አደረግኩ፤ ሁለት ዲግሪ ሰጠኝ፣ ድምፁም ትንሽ ጨመረ። ከዚያ ባዮስ ገብቼ የፕሮሰሰሩን የኃይል ጣሪያ ከ142 ዋት ወደ 120 አወረድኩ። ይህን ስነካ እጄ ፈርቶ ነበር፣ ሥራ የሚያዘገይብኝ መስሎኝ። 75 የነበረው 68 ሆነ። በ40 ደቂቃ የሚያልቀው ሥዕል በ41 ያልቃል። ሌሊቱን ለሚያድር ሬንደር ይህን ደቂቃ በደስታ እከፍላለሁ።

አሁን ራዲያተሩን በበጋ በየሁለት ወሩ እጠርጋለሁ፤ ክረምት ላይ አቧራው ስለሚቀንስ እተወዋለሁ። ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ግፊታቸው ጠንከር ያለ ሁለት ፋኖች ይዞልኝ ይመጣል። ያኔም የድሮዎቹን ከመፍታቴ በፊት 30 ደቂቃ እለካለሁ።