«ሞኖ አድርገው»

ጥር ላይ ጎንደር ውስጥ ለኛ ሙያ እንቅልፍ የለም። ጥምቀት ያልፋል፣ ሚካኤል ይገባል፣ በማግስቱ የሰርግ ስልክ መደወል ይጀምራል። ድሮ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ነበር የሚጠየቀው። አሁን ገና ዋጋ ሳንነጋገር «ላይቭም አለው አይደል?» ይመጣል። ግማሹ ዘመድ ውጭ ነው። ቪዛ ወይ ፈቃድ ያላገኘው ሁሉ በስልኩ ይታደማል።

አንድ ጊዜ የሠራነው ሰርግ ማራኪ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ የራሱ ሳውንድ ሲስተም ስላለው ድምፁን በገመድ ከሚክሰሩ (የማይኮቹ ድምፅ ከሚቀላቀልበት መሣሪያ) ልቀበል ተስማማን። ገመዱን ያቀበለኝ የአዳራሹ የሳውንድ ልጅ ነው። ባንድ ጫፉ ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ጃክ፣ በሌላው ትንሹ የኢርፎን ጃክ። ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ዩኤስቢ ሳውንድ ካርዴ ላይ ሰካሁት። ላይቩን የምለቅበት ፕሮግራም፣ ኦቢኤስ ላይ የድምፁ መስመር ግራውም ቀኙም አረንጓዴ ሆኖ ይዘላል። ሄድፎን አጠለቅሁ፣ ድምፅ አለ። ትንሽ ከኋላዬ የሚመጣ ይመስላል እንጂ ጥርት ያለ ነው። ሙሽሮቹ እስኪገቡ ከላፕቶፑ ዘፈን ለቀቅሁ። ውጭ ያሉት ኮሜንቱን ልብ በልብ አደረጉት።

ከዚያ ሽማግሌው ሊመርቁ ማይክ ያዙ። ኮሜንቱ ወዲያው ተገለበጠ። «ድምፅ የለም።» «ድምፅ!!!» «ኧረ ሰዎች ድምፅ ጠፋ።» መሃል ላይ አንዷ «እኔ ይሰማኛል» ብላ ጻፈች። ሌላው «የት ሆነሽ?» አላት።

ሙያው ውስጥ ያላችሁ ቀጥሎ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። ሚዩት ቀይ ሆኗል? አልሆነም። ዊንዶውስ ማይኩን ከልክሏል? አልከለከለም። ዲቫይሱ ተቀይሯል? ያው ነው። ኖይዝ ጌቱ የሽማግሌውን ዝግ ያለ ድምፅ እየቆረጠው ይሆናል ብዬ አጠፋሁት። ሳምፕል ሬቱም (በሴኮንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ዊንዶውስም ኦቢኤስም ጋ 48 ሺህ ነው። በሄድፎኔ አሁንም ምርቃቱ ይንቆረቆራል። ውጭ ያለው ሰው ግን ጢም ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚያየው።

የሙሽሪት አጎት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ከፋዩ እሳቸው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምርቃቱ አይሰማም እኮ!»

«ይሰማል ጋሼ። ይኸው ይስሙት።» ሄድፎኑን አጠለቅሁላቸው።

አዳመጡ። ፊታቸው ፈታ አለ። እንዲያውም «አሜን» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አዩና ሄድፎኑን አወለቁት።

«ይኼ የሚያሰማኝ አዳራሹን ነው። አዳራሹንማ ያለ መሣሪያም እሰማዋለሁ። እኔ የምልህ ሚኒሶታን ነው።»

«ወደ ሚኒሶታም የሚሄደው ይኸው ነው ጋሼ።»

«ይኸው ከሆነ ታዲያ የት ቀረ?»

እስከ ዛሬ ብዙ ደንበኛ ጠይቆኛል፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን አልገጠመኝም። መልስ አጣሁ።

ይኼኔ ነው የሙሽራው ጓደኛ የመጣው። ከአዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ትልልቅ ፕሮግራም ላይ ይሠራል ተባልኩ። ምን እንደሚሠራ ግን የነገረኝ የለም። «ቢትሬቱን ጨምረው» አለ፤ በሴኮንድ የሚላከውን የዳታ መጠን ማለቱ ነው። አልጨመርኩም። «በቃ ኦቢኤሱን ዝጋና ክፈተው» አለ። ምርቃት መሃል! ዝም አልኩት። ዝም ማለቴን እንደ ፈቃድ ቆጠረው መሰለኝ፣ በትከሻዬ ላይ እጁን ዘርግቶ ማውሱን ያዘና የድምፁ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ «ሞኖ ይሁን» እያለ «ሞኖ» የሚለው ላይ ጠቅ አደረገ።

ላይቭ ላይ ሳለሁ ማውሴን የሚነካ ሰው አልወድም። ረዳቶቼ ሽቦ ይስባሉ፣ ባትሪ ይቀይራሉ፤ ላፕቶፑ ጋ አይደርሱም። እጁን ልገፋው ስል ግን አረንጓዴው መስመር ቁልቁል ወርዶ ጸጥ አለ። በሄድፎኔም ጭጭ።

«አየህ፣ ካርድህ ተቃጥሏል» አለኝ።

ላይቩ ስለሚዘገይ ጥቂት ቆይቶ ከሙሽሮቹ ጎን የተቀመጠችው የሙሽሪት ታናሽ ጮኸች፤ «ኧረ እስካሁን ይሰማ ነበር፣ አሁን ገና ነው የጠፋው!» ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንገቷ ላይ ነጭ የኢርፎን ሽቦ ተንጠልጥሏል።

ሞኖውን መልሼ አጠፋሁት። «አሁንስ?» አልኳት። ጠበቀችና «መጣ» አለች። «ኢርፎኑን ንቀይው።» ነቀለችው። ስልኩ ድዳ ሆነ። ሰካችው፤ ሽማግሌው ከነምርቃታቸው ተመለሱ።

ገመዱ ነው። ከሚክሰር የሚወጣው ያ ባለ ሦስት እግር መስመር አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ነው የሚልከው። ሁለተኛው ሽቦ ላይ ያለው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። በረጅም ገመድ ላይ የሚገባውን ጫጫታ ለማጥፋት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሚክሰር ከሚክሰር ሲገናኝ ችግር የለውም። የኔ ካርድ ግን ሁለቱን ሽቦ ግራና ቀኝ ብሎ ተቀበላቸው። በሄድፎን ግራው ለግራ ጆሮ፣ ቀኙ ለቀኝ ስለሚደርስ ይሰማል። ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ግን ሁለቱን ይደምራቸዋል። አምስት ሲደመር ነጌቲቭ አምስት፣ ዜሮ። ሞኖም የሚያደርገው ያንኑ ድምር ነው። ዘፈኑ የተሰማው ከላፕቶፑ ስለወጣ ነው፤ በዚያ ገመድ አላለፈም። «ይሰማኛል» ያለችው ሴትዮም ወይ ኢርፎን ሰክታለች፣ ወይ እንደ አይፎን 7 ያለ ባለ ሁለት ስፒከር ስልክ ይዛለች።

ገመድ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። ኦቢኤስ ላይ ግራና ቀኙን የሚያመዛዝነውን ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ጎተትኩት። ቀኙ ሞተ፤ ግራውን የሚያጠፋው ጠፋ። ከዚያ ግራው ለሁለቱም ጆሮ እንዲዳረስ ሞኖን ጠቅ አደረግሁ። እንዲህ ሲደረግ ድምፁ በግማሽ ስለሚወርድ በጌይን 6 ዴሲቤል መለስኩለት። ሽማግሌው «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ» ሲሉ ሚኒሶታ በኮሜንት አሜን አለች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ የመጨረሻዋ ጠቅታ ሞኖ መሆኗ ነው። ባላንሱን ማንም አላየውም። አጎትየው ያዩት ይኼን ነው፦ ልጁ ሞኖ አለ፣ ሞኖ ተደረገ፣ ድምፅ መጣ። የአዲስ አበባውን ልጅ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው ወደ ቁርጡ ጠረጴዛ ወሰዱት። እሱም «ኧረ ቀላል ነገር ነው» እያለ ሄደ። ለኔ ደግሞ ዞር ብለው «ልጄ፣ ከሰው መማር አያሳፍርም» አሉኝ።

ያ አረንጓዴ መስመር ዓይኔ እያየ ባይሞት ኖሮ ገመዱ ላይ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብኝ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ይኼን ለልጁ አልነገርኩትም፤ ልነግረውም አላሰብኩም።

ለሳውንዱ ልጅ ግን ነገሩን አስረዳሁት። «ይኼ ገመድ ስንት ሰርግ ሠርቷል መሰለህ!» አለኝ። ስንቱ በኢርፎን ብቻ ተሰምቶ ይሆን? አሁን ሁለተኛው ሽቦ የተተወበት የራሴን ገመድ ይዤ እዞራለሁ፤ ለመፈተሻም ባለ አንድ ስፒከር አሮጌ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ማውሴን ዛሬም አላስነካም።

በቀደም አጎትየው ደወሉ። የልጅ ልጃቸው ክርስትና አለ፤ ላይቭ ይፈልጋሉ። በዋጋው ሳይከራከሩ ተስማሙና «ያን የሞኖውን ልጅ ይዘኸው ና» አሉኝ።

«እሱ እኮ አዲስ አበባ ነው ጋሼ። የአውሮፕላን ትኬቱን እርስዎ ከቻሉት ይመጣል።»

ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ተወው» አሉ፣ «አንተው ሞኖ አድርገው።»