አልሃምብራ፦ ነጩም ወፍ ነው

ግራናዳ የሄድኩት ለአልሃምብራ ብዬ ነው። በስፔን ደቡብ፣ ከከተማዋ በላይ ኮረብታ ላይ፣ የናስሪድ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ያሠሩት ቤተ መንግሥት። ትኬቱ ላይ ወደ ውስጥ የምትገባበት ሰዓት ተጽፏል፤ ካለፈህ አለቀ። እኔ በጠዋቱ ገባሁ።

ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚሄደው። አይፈረድበትም። የአምባሳደሮች አዳራሽ ጣሪያ ከ8,000 በላይ የእንጨት ቁርጥራጮች የተገጣጠሙበት፣ ከዋክብት የሞሉት ሰማይ ነው። የእኔ ዓይን ግን ታች፣ ከግድግዳው ግርጌ ያለው ሴራሚክ ላይ ቀረ።

ኮማሬስ በሚባለው ክፍል ፓሃሪታ የሚሏት ቅርጽ አለች፤ በስፓኒሽ ከወረቀት የምትታጠፍ ወፍ ማለት ነው። ሦስት ክንፍ አላት፤ የምትሽከረከር ትመስላለች። ለካ መነሻዋ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ተራ ሦስት ማዕዘን ነው! እያንዳንዱን ጎን መሃል ላይ ለሁለት ትከፍላለህ፣ ግማሹን ወደ ውስጥ ታጎብጣለህ፣ ሌላውን ግማሽ በዚያው ልክ ወደ ውጭ። ከዚህ የተወሰደው እዚያ ስለተጨመረ ስፋቷ አልተለወጠም፤ የአንዷ ጉብታ የጎረቤቷ ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ክፍተት የለም፣ መደራረብም የለም። አጥንት የሚመስለው ሌላኛው ቅርጽም እንደዚሁ ነው፤ ከካሬ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ቆርጠህ በቀሩት ሁለት ጎኖች ላይ ትለጥፋለህ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ደብተሬ ላይ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል በሆኑ አምስት ማዕዘን ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እያንዳንዱ ማዕዘኑ 108 ዲግሪ ነው፣ ሦስቱን ስታገናኝ 324 ይሆናል፣ 36 ዲግሪ ክፍት ይቀራል፣ አራተኛው ደግሞ አይገባም። ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ስድስት ማዕዘን ግን 360ን ያለ ትርፍ ይሞላሉ።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1922 እዚህ መጥቶ ነበር፤ በ1936 ተመልሶ ከባለቤቱ ጋር እነዚህን ሴራሚኮች አንድ በአንድ ሲገለብጥ ሰነበተ። ለምን እንደተመለሰ አሁን ገብቶኛል። ቀረብ ብለህ ስታይ እያንዳንዷ በእጅ የተቆረጠች ናት፤ አንዳንዷ ጠርዝ ትንሽ ዘመም ትላለች፣ እኔ ደግሞ በጣም የወደድኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ የማየው ቀለም ያላቸውን ወፎች ብቻ ነበር። በመካከላቸው ያለው ነጭ ባዶ ቦታ መስሎኝ ነበር። ከቆይታ በኋላ ዓይኔ ነጩ ላይ አረፈ። ክንፉ ሦስት፣ መጠኑ እኩል፣ ዞሮ የቆመ ብቻ። እሱም ወፍ ነው።