«ኪክ ቢት»፦ የመጀመሪያ ፎንቴን ስሠራ የተማርኩት

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጁስ ቤት ነበር። ታፔላው ላይ ያለው ፊደል ራሱ ጁስ የሚያንጠባጥብ ይመስላል። «አቮካዶ» አረንጓዴ ያንጠባጥባል፣ «ፓፓያ» ብርቱካንማ። ዲዛይነር ከሆንኩ በኋላ ለልጆች ልደት ወይም ለኬክ ካርቶን የሚሆን የአማርኛ ፎንት በፈለግኩ ቁጥር ያ ታፔላ ትዝ ይለኛል። ለመጽሐፍ የሚሆን ቁም ነገረኛ ፎንት አላጣሁም። የሚስቅ ፎንት ግን እንደልቤ አላገኘሁም። ስለዚህ ራሴ ልሥራው አልኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ራሱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ድቡልቡል ያለ ፊደል። በወረቀት ሣልኩ፣ ስካን አደረግኩ፣ ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም አጸዳሁ፣ ከዚያ ፎንትፎርጅ የሚባል የፎንት መሥሪያ ውስጥ አስገባሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሥራው ግን ብዙ ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። «ቨ»ን ከነቤተሰቡ ስትጨምር 238። እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃላዎች፣ ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሩ ገና አልተነኩም። የእንግሊዝኛ ፎንት የሚሠራ ጓደኛዬ ትልቅና ትንሹን 52 ፊደል ጨርሶ ቡና ሲጠጣ እኔ ገና «ቀ» ላይ ነበርኩ።

ፎንቱ እንዲጨፍር ፈልጌ እያንዳንዱን ፊደል ትንሽ ትንሽ አዞርኩት። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ደስ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ «መልካም በዓል» የሚል ካርድ ሠርቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዷ ወዲያው መለሰች፦ «አሜን! መልካም ባል ይስጠኝ!»

ካርዱን እንደገና አየሁት። «በ»ን ወደ ቀኝ ስላዘነበልኩት ቀኝ እግሩ ወርዷል። ቀኝ እግሩ የረዘመ «በ» ደግሞ «ባ» ነው። ወደ ግራ ባዘነብለው ኖሮ «ቦ» ይሆን ነበር። የእንግሊዝኛውን «ኤች» እንደፈለግክ አጣመህ ብታቆመው ያው «ኤች» ነው። የእኛ ፊደል ላይ ግን እግር አናባቢ ነው።

መፍትሔው ማዞሩን ትቶ ማዝመም ሆነ። ፊደሉን ስታዘምመው ራሱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ እግሮቹ ግን አንድ መስመር ላይ ይቀራሉ። ጭፈራው እንዲቀጥል ደግሞ ሙሉውን ፊደል ከነእግሩ ከፍና ዝቅ አደረግኩት። ሁለቱም እግሮች አብረው ከተነሡ ማንም አይሳሳትም።

የእግሩ ማጠርም ሌላ ጣጣ አመጣ። ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ «ቡ») ቅጥሉ እግሩ መሐል ላይ ነው፣ ሳልስ (ሦስተኛው፣ እንደ «ቢ») ታች። እግሩን ባሳጠርኩ ቁጥር «ቡ» እና «ቢ» እየተቀራረቡ መጡ። እያዘንኩ እግሩን ትንሽ መለስኩለት።

ትልቁ ውርደት ግን የኬክ ቤቱ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ኬክ ቤት ሲከፍቱ ባነሩን በዚሁ ፎንት ሠራሁላቸው። ኮምፒውተሬ ላይ ያምር ነበር። ሲሰቀል ከመንገድ ማዶ ቆሜ አየሁት፦ «ኪክ ቢት»። ኃምሱ (አምስተኛው፣ «ኬ» እና «ቤ») ላይ ያለው ቀለበት ፊደሉ ከመወፈሩ የተነሣ ቀዳዳው ጠፍቶ እንደ ሳልስ እግር ሆኗል። እሳቸውም ወጥተው ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ እኔ ክክ ነው እንዴ የምሸጠው?» አሉኝ። ባነሩን በራሴ ገንዘብ እንደገና አሳተምኩ።

ቀዳዳውን ከ18 ወደ 60 ዩኒት አሰፋሁት፤ ፊደሉ የሚሣልበት ቁመት 1000 ዩኒት ነው። እሱ ብቻ አልበቃም። ከሩቅ ሲያዩት ቀዳዳ ይደፈናል። ስለዚህ ቀለበቱን ከእግሩ ወጣ ብሎ እንደተንጠለጠለ ኳስ አደረግኩት፣ የሳልሱን እግር ደግሞ ጠፍጣፋ። አሁን ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ ቅርጹ ይለያል።

ፎንቱን ለአዋቂ አሳይቶ «ይነበባል?» ማለት ዋጋ የለውም። አዋቂ ገምቶ ያነባል። «ሳላም» ብለህ ብትጽፍለት «ሰላም» ብሎ ያልፋል። እኔ ሁለተኛ ክፍል ያለችውን የእህቴን ልጅ ነው የያዝኩት። ትርጉም የሌለው «ቦኪሌ»፣ «ቡሳቤ» እየጻፍኩ አስነበብኳት። ርኅራኄ የላትም። በአንድ ከሰዓት 11 ስህተት አወጣችልኝ።

«እንቁጣጣሽ» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሁለቱ «ጣ» ጎን ለጎን ቁርጥ አንድ ዓይነት ሲሆኑ በእጅ የተጻፈ የመምሰሉ ነገር ያበቃል። ሁለተኛ «ጣ» ሣልኩና ፊደሉ ሲደጋገም ፎንቱ ራሱ እንዲቀይረው አደረግኩ። ዎርድ ላይ ግን ይህን ከቅንብሩ ገብተህ ካላበራኸው አይሠራም።

አሁን ፎንቱን ለልደት ካርድ፣ ለስቲከር፣ ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን እጠቀምበታለሁ። ከሦስት ቃል በላይ ከሆነ አልነካውም። አንድ ደንበኛ ሙሉ የሠርግ ጥሪ በሱ ጻፍልኝ ብሎኝ እምቢ አልኩ፤ አያቶች የሚያነቡት ነገር ነው።

የኬክ ቤቷ እናት አዲሱን ባነር ወደውታል። ስልካቸው ላይ ግን እስካሁን «ኪክ» ተብዬ ነው የተመዘገብኩት።