አንድ ለሰማንያ

እናቴ ጣና ዳር ዘጌ ለቅሶ ደርሳ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ጥቅምት ነበር። ባጃጅ ያዝን፣ ካርድ አወጣን፣ ደም ሰጠች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

ወረቀቱ ላይ ወባ «የለም»፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ «1፡80» ይላል። ሐኪሙ አየት አደረገና «አፋፍ ላይ ነው፤ ለማንኛውም ታይፎይድ ብለን እንጀምርላቸው» አለኝ። እሺ ብዬ መድኃኒት ገዛሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ «እሺ» ነው። አፋፍ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አምስት ቀን ዋጠች። ትኩሳቱ አንድ ቀን ይተዋትና በማግስቱ ከሰዓት ይመለሳል። ሁለት ጋቢ ደርበንላት እንኳ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያንቀጠቀጣት ሌላ ላብራቶሪ ወሰድኳት።

የዚያ ባለሙያ አልሰለቸችኝም። ለዊዳሉ ካርድ ላይ የደሙን ውሃና ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ አድርጋ በእንጨት አማሰለች። ለአንድ ደቂቃ ወዲህ ወዲያ እያዘነበለች አሳየችኝ። ከጓጎለ ታይፎይድ «አለ» ይባላል።

«ጓጉሏል?»

ለእኔ ደቃቅ አሸዋ መሰለኝ።

«እኔ አልጓጎለም እላለሁ። ሌላው ጓጉሏል ሊል ይችላል። ከደቂቃው ካለፈ ደግሞ ጠርዙ ሲደርቅ የጓጎለ ይመስላል።» ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ ታይፎይድ ታመው ያውቃሉ?»

«አምና።»

ለካ የአምናው በሽታ ምልክቱ ደም ውስጥ ይቆያል። ቁጥሩ ደግሞ የደሙ ውሃ ስንት እጥፍ ቀጥኖም እንደሚያጓጉል የሚናገር ነው፤ አንዱ ቤት ከ1፡80 ጀምሮ «አለ» ሲል ሌላው 1፡160 ይጠብቃል። ዊዳል እንደ ፈረንጆች ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው፤ ዛሬም በዓይን ነው የሚነበበው። በዚያው ሰዓት የተወሰደው የወባ ደም ግን ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሆኖ ወጣ።

ላብራቶሪው መስኮት ላይ «ውጤቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ» የሚል ተለጥፏል። እኔ ግን ያነበበውን ሰው ራሱን ጠይቁ እላለሁ፤ በስንት ደቂቃ አየኸው፣ እዚህ ቤት ስንት ሲሆን ነው «አለ» የምትሉት በሉት። ቅር ይበለው። በጣና ዙሪያ ደግሞ ከክረምት በኋላ አንድ ጊዜ «ወባ የለም» ስለተባለ አትመኑ፤ ትኩሳቱ ካልተወ በማግስቱ አስደግሙ።

እናቴ የወባ መድኃኒቱን ፕሪማኪኑን 14 ቀን ቆጥራ ጨረሰች። የመጀመሪያዋን ወረቀት አልጣልኳትም። ሰሞኑን አውጥቼ ብርሃን ላይ አየኋት። 8ቷ ተደርባ የተጻፈች ናት፤ ከሥሯ 4 ትታያለች።